እጩ መምረጥ ወይስ በጉዳዩ ላይ ድምፅ መስጠት?

አራት ኪሎ ሆኜ ሁለቱን ሳነጻጽር ልቤ ወደ አንዱ ያደላል።

እዚህ የለመድነው ሰው መምረጥ ነው። ሰኔ 14 ቀን 2013 ተሰልፈን ለፓርላማም ለከተማው ምክር ቤትም ድምፅ ሰጠን። የምክር ቤቱ መቀመጫ 138 ነው። ከንቲባውን የሚመርጠው ግን ምክር ቤቱ እንጂ እኛ አይደለንም።

ካሊፎርኒያ ውስጥ የከተማ ነዋሪ ከእጩዎቹ ጋር ጥያቄም ይቀርብለታል፦ ለመንገድ ጥገና ግብር ይጨመር? አዎ ወይስ አይ? እኛ ጋ ሕዝበ ውሳኔ ሲባል ትዝ የሚለን የሲዳማው፣ የክልልነቱ ነው፤ ኅዳር 10 ቀን 2012።

አዎ ወይም አይ ብቻ ማለት አደጋ አለው። ብዙ ጉዳይ በአንድ ቃል አያልቅም። ቢሆንም እንደ ፒያሳ ያለ ነባር ሰፈር ይፍረስ ወይስ ይታደስ የሚለውን፣ በየአምስት ዓመቱ ከምመርጠው ሰው ይልቅ እኔ ራሴ ብጠየቅ እመርጣለሁ።