ልጄ የምትማርበት የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ፦ ሒሳቡ ይበል፣ ላብራቶሪው የተቆለፈ

ልጄ እዚህ ትምህርት ቤት ከገባች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። የመንግሥት ነው፣ ቅርብ ነው፤ እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የመረጥነው በዚሁ ብቻ ነው። ስሙን አልጠራም።

ከጥሩው ልጀምር። ሒሳብ ላይ እነዚህ ሰዎች ቀልድ አያውቁም። አንድ ማታ ደብተሯን ሳገላብጥ የተሳሳተ መልስ አየሁ። ኔጌቲቭ 3ን ቅንፍ ውስጥ ካሉት ጋር ስታባዛ የሁለተኛውን ምልክት መቀየር ረስታለች፣ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ በዚያው ስህተት ላይ ተሠርቶ ወርዷል። መምህሩ ትልቅ ኤክስ አልጣለባትም። ያቺን አንዲት ምልክት በቀይ ከብቦ «እዚህ ጋ ተመለሺ» ብሎ ጽፎላታል፤ ቀሪው አሠራር በራሱ ትክክል ስለነበር ከ5ቱ 3 ማርክ ሰጥቷታል። እኔ ተማሪ እያለሁ መልስ ወይ ራይት ነው ወይ ኤክስ፣ እንዲህ ያለ እርማት አይቼ አላውቅም። ፊዚክሱም ደህና ነው።

ኬሚስትሪ ላይ ነው የምናደደው። ላብራቶሪ አለ? አለ። ልናስመዘግብ የሄድን ቀን ጠረጴዛው ተወልውሎ፣ ቢከሩ ተደርድሮ በኩራት አሳይተውናል። ልጄ ግን በሁለት ዓመት የገባችበት ሦስት ጊዜ ነው፤ አንዱ ወንበር ለማውጣት! ታይትሬሽንን፣ ማለትም አሲድ ላይ ቤዝ በጠብታ እየጨመሩ ቀለሙ ልክ ሲቀየር አቁሞ መጠኑን ማወቅን፣ የተማሩት በጥቁር ሰሌዳ ነው። ፌኖልፍታሊን የሚባለው ቀለም ቀያሪ ጠቋሚ አሲድ ውስጥ ቀለም የለውም፣ ቤዝ ሲበዛበት ሮዝ ይሆናል፤ ይቺን እንደ ውሃ ትወርዳታለች። «ፈዛዛ ሮዝ ላይ ማቆም ሲገባሽ አንድ ሁለት ጠብታ አልፎሽ ደማቅ ሮዝ ቢሆንብሽስ?» አልኳት። ዝም። ቡሬት (ጠብታውን የሚለቀውን መለኪያ ቱቦ) ይዛ አንድ ቀን እንኳ አልፏት እንደገና ካልጀመረች፣ መጨረሻው ላይ ለምን ጠብ ጠብ እያደረጉ እንደሚሄዱ ከየት ታውቀው? ብጠይቅ «ኬሚካል አልቋል» አሉኝ። እሺ፣ ቀይ ጥቅል ጎመን ቀቅሎ ውሃውን ማጥለል ምን ይፈጃል? ሎሚ ጠብ ሲልበት ይቀላል፣ ቤኪንግ ሶዳ ሲገባበት ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ለዚህ በጀት መጠበቅ አያስፈልግም።

ድርሰት ደግሞ የለም ማለት ይቀላል። ፈተናው ሁሉ ምርጫ ነው፤ አራት አማራጭ ካለ ዓይኑን ጨፍኖ ያጠቆረ ልጅ እንኳ በአማካይ ሩቡን ያገኛል። መምህሯ ላይ ግን አልፈርድም። 60 ልጅ ያለበት 5 ክፍል ይዛለች፤ 300 ወረቀት፣ ለእያንዳንዱ 5 ደቂቃ ብትሰጠው 25 ሰዓት ነው። መቼ ትረመው?

አንድ ነገር ልጨምር። መግቢያው ላይ ስንት በመቶ እንዳለፈ የሚናገር ሰሌዳ ተሰቅሏል፣ ወላጅ ሁሉ እሱን አይቶ ይደሰታል። እኔ ቢሮ ገብቼ «እነዚህ ልጆች 9ኛ ሲገቡ ስንት ነበሩ?» አልኩ። ምክንያቱም፣ ለምሳሌ 200 ገብተው ለፈተና የደረሱት 120 ቢሆኑና 108 ቢያልፉ ሰሌዳው 90 በመቶ ይላል፤ ከገቡት ከተቆጠረ ግን 54 ነው። በመሀል የደከመው ሁሉ ክፍል ደግሞ፣ አቋርጦ፣ ሌላ ቦታ ሄዶ ሊሆን ይችላል። የተሰጠኝ መልስ «ለምን ፈለጉት?» የሚል ነው።

ልጄን አላስወጣትም፣ ለሒሳቡ ስል። ድርሰት ቤት ውስጥ በየሁለት ሳምንቱ አጽፋታለሁ፤ ታጉረመርማለች፣ ትጽፋለች። እናንተ ትምህርት ቤት ልትመርጡ ከሄዳችሁ ግን ላብራቶሪውን አሳዩን አትበሉ። የላብ ሪፖርት ደብተር አሳዩን በሉ፤ የአንደኛዋን ተማሪ ሳይሆን መሀል ላይ ያለ ልጅ ደብተር።