«አልበይድልህም» ያሉኝ በያጅ

ባህር ዳር ላይ የመኪና ሞተር ልትቀይሩ ያሰባችሁ ካላችሁ ይህችን አንብቡልኝ።

ሃይሉክሴ የቤንዚን ነበረች፣ ሞተሯ 22 አር የሚባለው። ወጪው ሲመረኝ 3 ኤል የናፍጣ ሞተር ገዛሁላት። የአዲሱ ሞተር እግር፣ ሞተሩን ከመኪናዋ ጋር የሚያያዘው ብረት ማለቴ ነው፣ ከድሮው መቀመጫ ጋር አልገጥም አለ። አንድ ጋራዥ (ስሙ ይቅር) «በአንድ ቀን በይደን እናስረክብሃለን» አለኝ። አስረከቡኝም። መሀል የሚገባውን፣ ንቅንቅታ የሚውጠውን ጎማ ትተው ብረት ከብረት በየዱት። ከዚያ ወዲያ ከንቅንቅታው የተነሳ መኪናዋ ውስጥ ስልክ ማውራት ቀረ። በመስታወት ሳይ ከኋላዬ ያለው ባጃጅ ሁለት ይሆንብኝ ነበር። በሁለተኛው ወር ከጢስ አባይ ስመለስ ቋ አለ። ብየዳው አልተላቀቀም፤ ከብየዳው ጎን ሻንሲው፣ የመኪናዋ አጽም፣ ራሱ ተሰነጠቀ።

አባይ ማዶ ያሉትን በያጅ ያገኘኋቸው ያኔ ነው። ስሜን እንዳታወጣ ስላሉኝ ጋሼ ልበላቸው። «በደንብ አድርገው ይበይዱልኝ» አልኳቸው። ጎንበስ ብለው አዩና «አልበይድልህም» አሉኝ። በያጅ ናቸው እኮ!

«ናፍጣ ይንቀጠቀጣል። ንቅንቅታውን ጎማ ካልዋጠው ሻንሲው ይውጠዋል። ደግሞስ ነገ ሞተሩን ማውረድ ብትፈልግ በመጋዝ ልትቆርጠው ነው?»

ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥሩ መቀየሩን ሳያዩም ቁልፍ አላነሱም።

ሥራው ሦስት ቀን ፈጀ። ሞተሩን በሰንሰለት አንጠልጥለው፣ ፋኑ ከራዲያተሩ ሦስት ጣት እስኪርቅ ወዲህ ወዲያ አሉት። ከዚያ የእግሩን ልክ በካርቶን ቆረጡ። አልጣማቸውም፣ ደግመው ቆረጡ። ብረት የነኩት ከዚያ በኋላ ነው። እግሩን ጠረጴዛ ላይ በየዱት፤ ከሻንሲው ጋር ግን ራሱ ላይ 8.8 የሚል የጥንካሬ ምልክት በተጻፈበት ብሎን አሰሩት። ለማስተካከል እንዲመች ቀዳዳዎቹን ሞላላ አደረጓቸው። ጎማውም ቦታው ተመለሰ። የተሰነጠቀውን ሻንሲ መበየድ ግድ ነበር፤ ባትሪውን ነቅለው፣ ብረት ደርበው በየዱት።

መጨረሻ ላይ ከዳዶው እስከ እግሩ ድረስ በነጭ ቀለም ቀጭን መስመር አሰመሩ። «መስመሩ ከተዛነፈ ዳዶው ዞሯል ማለት ነው» አሉኝ። ከ15 ቀን በኋላ ስመለስ አንዱ ትንሽ ዞሮ ነበር። አጠበቁልኝ፣ ገንዘብ አልቀበልም አሉ።

ስልክ አያነሱም፣ ያንን ልንገራችሁ። ነገ ካሉ ከነገ ወዲያ ነው። ዋጋቸውም ከዚያኛው ጋራዥ ወደድ ይላል። ለውድድር መኪና ብየዳው ይሻላል የሚል አይጠፋም፤ እኔ ግን የምጭነው የዘጌ ቡና ነው።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ቦታውን አሳየዋለሁ። ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት ሰው ይበዛባቸዋል።