የወይራ ችግኝ ፈላጊዎች፣ የኮተቤውን ጋሼ ሳታዩ ብር አታውጡ

3 ዓመት ሙሉ ወይራ ያቃጠለኝ ሰው ነኝ። እናቴ ሆለታ ናት። ደጇ ላይ የነበረው ወይራ ከተቆረጠ ወዲህ የወተት ዕቃ የምታጥንበትን እንጨት ከገበያ ነው የምትገዛው። «አንድ ወይራ ትከልልኝ» አለችኝ። ቀላል መስሎኝ እሺ አልኩ።

መጀመሪያ መንገድ ዳር 6 ችግኝ ገዛሁ። «ወይራ ነው?» ስል «እንዴታ!» ተባልኩ። 5ቱ ደረቁ። ስድስተኛው አደገ፣ ግን ወይራ አልነበረም። እማዬ እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች። ሌላ ቦታ ደግሞ ዘር ሸጡልኝ። ዘርቼ፣ አጠጥቼ 5 ወር ጠበቅኩ። ቆፍሬ ሳየው እንደ ጠጠር ቁጭ ብሏል። ስደውል «ውሃ አብዝተህበት ነው» አሉኝ። ደግሜ ስደውል «ውሃ አሳንሰህበት ነው»። ከዚያ ስልኬን ማንሳት ተዉ። ብሩስ ይቅር፣ ንቀቱ ነው ያንገበገበኝ።

ኮተቤ ያሉትን ጋሼ የጠቆመችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። የተረፈኝን ዘር በፌስታል ይዤ ሄድኩ። አልሳቁብኝም። ውሃ ውስጥ ጨምረው የተንሳፈፈውን ጣሉ። ከዚያ አንዷን ፍሬ በጉጠት ያዙ። ቀጭ! ቅርፊቷ ብቻ ተሰነጠቀ፣ ውስጧ ደህና። «ልጄ፣ በሩ ተቆልፎበት በየት ይውጣ?» አሉኝ። ብዙ አስረድተውኛል፣ ግማሹ አልገባኝም። እጃቸውን ግን አልረሳውም። በዚያ ዕድሜያቸው 100 ፍሬ፣ አንድ በአንድ፣ ሳይጨፈልቁ።

በ2 ወር ገደማ 34ቱ በቀለ። ልውሰድ ብል ከለከሉኝ! «ገና ጨቅላ ነው፣ የሚመጣው ዓመት ሐምሌ ትወስደዋለህ» ብለው ዓመቱን ሙሉ አጠጡልኝ። የተቀበሉኝ የላስቲኩንና የፍጉን ዋጋ ብቻ ነው። ገንዘብ እየሰጡት እምቢ የሚል ሻጭ እኔ አይቼ አላውቅም። ስሰናበታቸው ላስቲኩን ቀድጄ እንድተክል ደጋግመው አስጠነቀቁኝ። (የድሮዎቹን ከነላስቲካቸው እንደቀበርኳቸው አልነገርኳቸውም።)

አሁን እናቴ ደጅ 10 ወይራ ቆሟል። በእሾህ አጥራ ከፍየል ትጠብቀዋለች።

ጋሼ፣ እግዜር ዕድሜ ይስጥልኝ! ወይራም ሆነ ዝግባ የምትፈልጉ፣ እባካችሁ እሳቸው ጋ ሂዱ። ስሜ አይጻፍ ስላሉኝ አድራሻውን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ሐምሌ ሲገባ ሰው ይበዛባቸዋል፣ ቀደም በሉ። እሁድ ጠዋት ግን አትልፉ፣ ቅዳሴ ላይ ናቸው።