የእህቴ ልጅ የተከታተለችው የእስክስታና የስሜት ሥልጠና

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ይህን የምጽፈው ከሌላ አካባቢ የመጣ ልጅ በቤታቸው ላለ ወላጆችና አሳዳጊዎች ነው። በከተማችን አዲስ ገቢ ወጣቶችን በእስክስታና በስሜት ትምህርት የሚያግዝ የአቻ ለአቻ ሥልጠና አለ። የእህቴ ልጅ 12ቱን ሳምንት ተከታትላ ጨርሳለች። እኔም የቡድኑን ልብስ የሰፋሁ በመሆኔ ልኬት ልወስድ እየሄድኩ፣ አዳራሹ ጥግ ተቀምጬ ብዙ ነገር በዓይኔ አይቻለሁ። ልጆቻችሁን ላኩ ነው የምለው። ቅር ያለኝንም አልደብቅም።

ልጅቷ 16 ዓመቷ ነው። ፓዌ ተወልዳ ማንዱራ አደገች። በ2013 ዓ.ም. ቤተሰቡ ከመተከል ተፈናቅሎ ቻግኒ፣ ራንች መጠለያ ከረመ። እኔ ዘንድ የመጣችው ባለፈው ዓመት ነው። ለመንፈቅ ያህል ከአፏ የሚወጣው "እሺ አክስቴ" ብቻ ነበር። የስፌት መኪናዬን ድንገት ስረግጠው ትደነግጥና የያዘችውን ጉርሻ መልሳ ታስቀምጣለች። ትምህርት ቤት ደግሞ "መጤ" ያሏት ልጆች ነበሩ። መተከል እኮ በቀድሞው አስተዳደር የጎጃም ክፍለ ሀገር ነበር! የምዝገባው ማስታወቂያ ላይ "አዲስ ገቢ" የሚለውን ሳነብ ቃሉን አስቦ የመረጠ ሰው እንዳለ ገባኝ፤ ያን ዕለት ነው ልጅቷን ላስመዘግብ የቆረጥኩት።

ሥልጠናው ማክሰኞና ሐሙስ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል ነው፤ ክፍያ የለውም። ልጆቹ 24፣ የአቻ አማካሪዎቹ 6 ናቸው። አማካሪዎቹ 18 እና 19 ዓመት የሆናቸው ልጆች ሲሆኑ ገሚሶቹ ራሳቸው ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሌላ ቦታ የመጡ ናቸው። የዚህ ሥልጠና ትልቁ ሀብት እነሱ ናቸው፤ ከዋናው አሠልጣኝም ይበልጣሉ።

የእህቴ ልጅ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ግድግዳ ተደግፋ ነው ያሳለፈችው። አማካሪዋ "ተነሺ፣ ጨፍሪ" አላለቻትም። አጠገቧ ቁጭ ብላ "ከበሮ መቺው ምቱን እያፈጠነ አስቸገረን፤ በጭብጨባ ያዢልን" አለቻት። ልጅቷ አጨበጨበች። በሦስተኛው ሳምንት ቆማ አጨበጨበች፤ በአራተኛው ትከሻዋ ሲነሳ አየሁ። አማካሪዋ ከዚያ በኋላ ነው ትንፋሽ ያስተማረቻት፤ ትንፋሹን የያዘ ሰው ትከሻው እንደ እንጨት ይደርቃል፣ ሲያስወጣው ግን ትከሻው ራሱ ይወርዳል። ልጅቷ ይህንኑ ነገር ቤት ውስጥ ስትደነግጥ ስትጠቀምበት አይቻለሁ።

የስሜት ትምህርቱ መጀመሪያ ላይ አልጣመኝም። ለልጆቹ አምስት ርዕስ ያለው ወረቀት ተሰጣቸው፤ ራስን ማወቅ፣ ራስን መግዛት፣ የሌላውን ስሜት መረዳት፣ መልካም ግንኙነት፣ ኃላፊነት የተሞላበት ውሳኔ። ከአሜሪካ የመጣ አከፋፈል ነው፤ ክፋት የለውም። ከሥሩ ግን የሚስቅና የሚያለቅስ ፊት ተስሎ "ዛሬ የሚሰማህን ከ1 እስከ 5 ቁጥር ስጥ" ይላል። ሁሉም ልጅ 3 ጻፈ። ጎጃም ውስጥ ያደገ ልጅ ለማያውቀው ሰው ገመናውን በቁጥር አይገልጥም።

ያን ቀን ያዳነው የዚያችው አማካሪ ብልሃት ነው። ወረቀቱን ገልብጣ የሰው ቅርጽ ሣለችና "የት ላይ እንደሚያማችሁ ነጥብ አድርጉ" አለች። አዳራሹ ሕይወት ዘራ። አንዱ ልጅ "ቆሽቴ አርሯል" አለ፤ መታወቂያ ስላጣ ሥራ የከለከሉትን ሰዎች እያሰበ። ሌላዋ ልቧ እንደተሰቀለ ነው፤ ወንድሟ ከወለጋ ደውሎላት አያውቅም። የእኔዋ ሆድ ላይ ነጥብ አድርጋ፣ በቀስታ፣ "ሲመሽ ሆዴን ባር ባር ይለኛል" አለች። ቤቴ ውስጥ አንድ ዓመት ስትኖር ያልነገረችኝን ነው። ሜትሬን እጄ ላይ እንደያዝኩ ቀረሁ። ለካ ቋንቋችን ሐዘኑን፣ ንዴቱን፣ ናፍቆቱን እያንዳንዱን በየብልቱ አስቀምጦልን ኖሯል፤ ሆድ ሌላ፣ አንጀት ሌላ፣ ቆሽት ሌላ። የትምህርቱ አዘጋጆች ይህን ወረቀት ከዚህ ተነሥተው እንደገና ቢያዘጋጁት እንዴት ጥሩ ነበር።

የሚቀጥለው ማክሰኞ አማካሪዋ "ከእናንተ አገር ምን አለ?" ብላ ጠየቀቻት። ፓዌ በ1977 ዓ.ም. በሰፈራ ከወሎም፣ ከከምባታም፣ ከሐዲያም የመጡ ሰዎች የኖሩበት ቦታ ነው። ልጅቷ በጎረቤት ሠርግ የተማረችውን የከምባታ ጭፈራ እያፈረች አሳየች። መጀመሪያ የሳቁ ነበሩ። አማካሪዋ ግን ከኋላዋ ተሰልፋ እግሯን ትኮርጅ ጀመር፤ ሌሎቹም ተከተሉ። የእኛ ልጆች ትከሻቸው የሚያስደንቅ ሆኖ እግራቸው እየተጠላለፈ ሲወድቁ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብላ ስትስቅ ሰማኋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእሷ ሥራ ማስተማርም ሆነ።

በወላጆች ስብሰባ ላይ አስተባባሪው በ2015 እ.ኤ.አ. የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ብራዚል ውስጥ በተማሪዎች ላይ ያደረጉትን ጥናት ነግሮን ነበር፤ እንቅስቃሴያቸውን አስተካክለው በአንድነት የጨፈሩ ልጆች ሕመም የመቻል አቅማቸው ከፍ ብሎ፣ እርስ በርስም የበለጠ ተቀራርበዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ከጎዳና ልጆች የተመሠረተውን አዱኛ የተባለ የዳንስ ቡድንም አነሣልን። ወንፈል ወጥቶ እየዘፈነ ያጨደ ሰው ለዚህ ጥናት አያስፈልገውም፤ ቢሆንም በስብሰባው ላይ "ልጄ አዝማሪ ልትሆን ነው?" ብለው የመጡ አባት እስከ መጨረሻው ተቀምጠው አዳመጡ።

ስለ ጾም ለምትጨነቁ፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ ጭፈራው ቆሟል። በምትኩ የእግር ጉዞ፣ የትንፋሽ ልምምድና ጨዋታ ነበር። ማንም ቤተሰብ ልጁን አላስቀረም።

አሁን ቅሬታዬ። ለምዝገባ የነዋሪነት መታወቂያ ይጠየቃል። ተፈናቅሎ የመጣ ልጅ መታወቂያ ከየት ያመጣል? እኔ ሦስት ቀን ተመላልሼ በዋስ አስመዘገብኳት፤ ዋስ የሌለው ግን በር ላይ ይቀራል፤ ሥልጠናው ደግሞ በዋናነት የታሰበው ለእሱ ነው። ወለሉ ሲሚንቶ በመሆኑ ጉልበት ይጎዳል። ከሁሉ የከፋው ግን 12 ሳምንት ማለቁ ነው። ልጅቷ ሦስት ወር ሙሉ የተደገፈችባት አማካሪ በአንድ ሐሙስ "ደህና ሁኚ" ብላት ሄደች። ቤቱን አንዴ ያጣ ልጅ ላይ እንዲህ አይደረግም። ቢያንስ በወር አንድ ቀን የሚገናኙበት ይዘጋጅ ብዬ በጽሑፍ አመልክቻለሁ፤ ወላጆች ሁላችሁም ብታመለክቱ ይሰማሉ።

ለምረቃው ለወንዶቹ የጎጃም አረንጓዴ ቁምጣ፣ ለሴቶቹ ሽንሽን ቀሚስ ሰፋሁ። ለሚቀጥለው ዙር የእህቴ ልጅ አማካሪ እንድትሆን ተጠይቃለች። ትናንት ማታ ቁልፍ እየተከለችልኝ ሳለ፣ ከወለጋ የመጣ፣ ከማንም ጋር የማይነጋገር አንድ ልጅ እንደተሰጣት ነገረችኝ። "ምን ልትይው ነው?" አልኳት።

"ምንም አልለውም፣ አክስቴ። መጀመሪያ ያጨብጭብልኝ።"