በዱባይ ማሪና የዓመት ኪራይ በአንድ ጊዜ ከመክፈላችሁ በፊት

በዱባይ የምትኖሩና ወደዚያ ለመሄድ የምትዘጋጁ ወገኖቼ፣ ይህን ማስጠንቀቂያ የምጽፈው እኔና ታናሽ እህቴ በዱባይ ማሪና ባለ አንድ መኝታ ቤት ተከራይተን፣ የዓመቱን ኪራይ በአንድ ጊዜ ከፍለን፣ በአምስተኛው ወር ከቤቱ እንድንወጣ ስለተገደድን ነው። ገንዘባችንን የተቀበለው ሰው የቤቱ ባለቤት አልነበረም፤ የባለቤቱም ወኪል አልነበረም። እርሱ ራሱ ተከራይ ነበር።

ማሪናን በሥራ አጋጣሚ የምታውቁት እንደምትረዱት፣ ሰፈሩ ከባሕሩ ወደ ውስጥ በተቆፈረ፣ ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ሰው ሠራሽ ቦይ ዙሪያ የተገነባ ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ ግንባታ የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ2003 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ 101 ፎቅ ያለውን ፕሪንሰስ ታወርንና ከታች እስከ ላይ 90 ዲግሪ የሚጠመዘዘውን ካያን ታወርን ጨምሮ በርካታ ረጃጅም ሕንፃዎች ውሃውን ከበውት ቆመዋል። ለእኛ ጉዳይ ዋናው ነገር ግን ቁመታቸው አይደለም። ማሪና የውጭ ዜጎች ቤት በስማቸው መግዛት ከሚችሉባቸው የዱባይ አካባቢዎች አንዱ ስለሆነ፣ በአንድ ፎቅ ላይ ጎን ለጎን ካሉት ቤቶች የአንደኛው ባለቤት ለንደን፣ የሌላኛው ሙምባይ ሊኖር ይችላል፤ ተከራይ ባለቤቱን በዓይኑ ሳያየው ዓመታት ያልፋሉ። ቁልፉና የመግቢያ ካርዱ በደላላ ወይም ቤት አስተዳድራለሁ በሚል ድርጅት እጅ ስለሚገኝ፣ ቁልፍ የያዘውን ሁሉ ባለመብት አድርጎ ማየት ይለመዳል። እኛም የተታለልነው በዚህ ልማድ ነው።

ቤቱን ያሳየን ሰው የድርጅት ስም፣ ማኅተምና ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የንግድ ፈቃድ ነበረው። በአራት ቼክ የምንከፍል ከሆነ የዓመቱ ኪራይ 92,000 ድርሃም፣ በአንድ ጊዜ ከከፈልን ግን 74,000 እንደሚሆን ነገረን። በዱባይ የዓመት ኪራይ በአንድ ወይም በበርካታ ቼኮች ተከፋፍሎ መከፈሉ፣ የቼኩ ቁጥር ሲያንስም ዋጋው መቀነሱ የተለመደ ስለሆነ ቅናሹ እንግዳ አልሆነብንም፤ መጠኑ ግን ሊያስደነግጠን ይገባ ነበር። ደላሎች በልማድ ከዓመት ኪራዩ 5 በመቶ ኮሚሽን ይጠይቃሉ፤ እርሱ ምንም ኮሚሽን እንደማይወስድ ነገረን። ቤቱ ከነዕቃው ነበር፤ በረንዳው ወደ ውሃው ያያል፤ እህቴ ከምትሠራበት ሆቴል በእግር አሥር ደቂቃ ነው። በዚያው ሰሞን የእቁብ ዕጣ ወጥቶልኝ ስለነበር ያንን ከእህቴ ቁጠባ ጋር ደምረን 74,000 ድርሃሙን በድርጅቱ ስም ወደተከፈተ ሒሳብ አስገባን። ዕጣው የወጣልኝ በዙሩ መጀመሪያ አካባቢ ስለሆነ፣ ዛሬ ለማንኖርበት ቤት አሁንም በየወሩ እቁብ እጥላለሁ።

ሰውዬው ያደረገውን በኋላ ከባለቤቱ ጠበቃ ተረዳነው። ቤቱን ከባለቤቱ በአራት ቼክ በ92,000 ድርሃም ተከራይቶ፣ የመጀመሪያውን የ23,000 ድርሃም ቼክ በአግባቡ ከፍሎ፣ ቤቱን በድርጅቱ ስም በሕጋዊ መንገድ አስመዝግቦ ነበር። ለእኛ በ74,000 ያከራየን ቀሪዎቹን ሦስት ቼኮች የመክፈል ሐሳብ ስላልነበረው ነው። የሰጠን ቅናሽ አንድ ድርሃም አላስወጣውም፤ ከእኛ ቤት ብቻ 51,000 ድርሃም ይዞ ሄዷል። ሁለተኛው ቼክ በቂ ስንቅ የለውም ተብሎ ከባንክ ሲመለስ፣ ባለቤቱ ክፍያ ያቋረጠ ተከራይ እንዳለው እንጂ በቤቱ ውስጥ እኛ እንዳለን አያውቅም ነበር። ማስጠንቀቂያው በራችን ላይ ሲለጠፍ የሰውዬው ስልክ ተዘግቷል፤ ቢሮውም ተለቅቋል። በቢሮው ደጃፍ እንደ እኛ ውል የያዙ ሌሎች ሦስት ቤተሰቦች አገኘን።

ብዙዎቻችን የማናውቀው የሕጉን አቋም ስለሆነ እዚህ ላይ ማብራራት ይገባኛል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የዱባይ የአከራይና ተከራይ ሕግ ቁጥር 26፣ በ2008 እንደተሻሻለው፣ ተከራይ ያለ ባለቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ ቤቱን ለሌላ ማከራየት እንደማይችል ይደነግጋል። ይህን ካደረገ ባለቤቱ ዋናውን ተከራይም ከእርሱ የተከራየውንም ማስወጣት ይችላል፤ ከእርሱ የተከራየው ሰው ካሣ የመጠየቅ መብቱ የሚጠበቅለት በዋናው ተከራይ ላይ ነው። ማለትም ገንዘባችንን የምንጠይቀው የጠፋውን ሰው ብቻ ነው። በባለቤቱ አልፈርድም፤ እርሱም ኪራዩን አጥቷል።

ሳንወድቅ ልናውቅባቸው የምንችላቸው ምልክቶች ነበሩ፤ ሁሉም ደግሞ ከአንድ ቦታ፣ ከኢጃሪ፣ የሚመነጩ ናቸው። ኢጃሪ በዱባይ የኪራይ ውል በመንግሥት የሚመዘገብበት ሥርዓት ነው። በአንድ ቤት ላይ የጸና ምዝገባ ካለ እርሱ ሳይሰረዝ ሌላ ውል ሊመዘገብ አይችልም፤ ስለዚህ ያ ሰው ቢፈልግም እንኳ እኛን ማስመዝገብ አይችልም ነበር። እኛን ግን "ኢጃሪው በሁለት ሳምንት ይደርሳል" እያለ አዘገየን፤ በመጨረሻም የሌላ ሰው ምዝገባ ቁጥር የተቀየረበት ወረቀት ሰጠን። ቁጥሩን በመሬት መምሪያው ዱባይ ሬስት በተባለው መተግበሪያ ብንፈትሸው ኖሮ ሐሰትነቱ ያን ጊዜውኑ ይታወቅ ነበር።

በጣም ያስደሰተን ነገር ደግሞ ከሁሉ የከፋው ምልክት ነበር። ውሃና መብራት ከኪራዩ ጋር እንደሆነ፣ እኛ ምንም እንደማንከፍል ነገረን። ለአፓርታማ በዴዋ፣ ማለትም በዱባይ የመብራትና ውሃ ባለሥልጣን፣ የሚጠየቀው የ2,000 ድርሃም ማስያዣ ስለቀረልን እንደ ቸርነት ቆጠርነው። የዴዋ ሒሳብ በተከራይ ስም ለመክፈት ኢጃሪ ስለሚያስፈልግ፣ "መብራትና ውሃ በእኔ ስም ይቆይ" የሚል አከራይ ኢጃሪ ሊሰጣችሁ የማይችል ሰው ሊሆን እንደሚችል ልብ በሉ። ወደ ቤቱ ስንገባም፣ በማሪና ሕንፃዎች አዲስ ተከራይ ዕቃውን ይዞ ሲገባ አስተዳደሩ የመግቢያ ፈቃድ እንደሚጠይቅ እያወቀ፣ ልብሳችንን በትንንሽ ሻንጣ በየቀኑ እንድናመላልስ መከረን። ምክሩን የተቀበልነው ለድካማችን አስቦ መስሎን ነበር። ወደ ሕንፃው አስተዳደር ቢሮ ገብተን አንድ ጥያቄ ብንጠይቅ በዚያ ቤት ላይ የተመዘገበው ስም የእኛ አለመሆኑን በነገሩን ነበር።

ስለዚህ በማሪናም ሆነ በሌላ የዱባይ ሰፈር ቤት ስትከራዩ ገንዘብ ከእጃችሁ ከመውጣቱ በፊት የቤቱን የባለቤትነት ማረጋገጫ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ፤ በላዩ ላይ ያለውን ስምም ከባለቤቱ ፓስፖርት ወይም ከኤምሬትስ መታወቂያው ጋር አስተያዩ። ወረቀቱን በስልክ ፎቶ ማየት አይበቃም፤ በመተግበሪያው ይረጋገጥ። ወኪል ነኝ የሚል ሰው በሕግ የተረጋገጠ የውክልና ሰነድ ሊኖረው ይገባል፤ ሰነዱም ማከራየትንና ኪራይ መቀበልን በግልጽ የሚፈቅድ መሆኑን አንብቡ፤ ቤት ማስተዳደርን ብቻ የሚጠቅስ ከሆነ አትርኩበት። ደላላ ከሆነ ከመሬት መምሪያው የተሰጠው የደላላነት ቁጥር ይኖረዋልና ቁጥሩን ራሳችሁ ፈልጉት። ቼኩ ደግሞ በባለቤቱ ስም ይጻፍ። በድርጅት ወይም በሌላ ግለሰብ ስም እንድትጽፉ፣ ይባስ ብሎም በጥሬ ገንዘብ እንድትከፍሉ ከተጠየቃችሁ፣ ሰውዬው ምንም ያህል ትሁት ቢሆን ተነሥታችሁ ውጡ።

"ይህ የዕረፍት ቤት ስለሆነ ኢጃሪ አያስፈልገውም" የሚል መልስም ይሰጣል። ለጎብኚዎች ለአጭር ጊዜ የሚከራዩ ቤቶች የራሳቸው ፈቃድና አሠራር ያላቸው መሆኑ እውነት ነው፤ ለአንድ ዓመት የምትኖሩበት ቤት ግን በኢጃሪ ሊመዘገብ ይገባል። ቤተሰባችሁን በራሳችሁ ስፖንሰርነት ለማምጣት የምታስቡ ከሆነ ደግሞ ያለ ኢጃሪ ማመልከቻው አይቀጥልም።

ምናልባት ይህን የምታነቡት ከከፈላችሁ በኋላ ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያ በቤታችሁ ላይ የተመዘገበው ውል በማን ስም እንደሆነ ዛሬውኑ አጣሩ። በእናንተ ስም ካልሆነ፣ ያልመጣ ቀን ያለው ቼክ በሰውዬው እጅ ከቀረ ባንካችሁን ሳትዘገዩ አማክሩ፤ የሕንፃውን አስተዳደር አግኝታችሁም ባለቤቱ መኖራችሁን እንዲያውቅ አድርጉ። ከጎረቤቶቻችን አንዲት እናት ይህንን በሁለተኛው ወር በማድረጓ፣ ባለቤቱ ከእርሷ ጋር አዲስ ውል ተዋውሎ በቤቱ እንድትቆይ ፈቅዷል። የከፈለችው ባይመለስላትም ልጆቿን ይዛ አልወጣችም። የኪራይ ክርክሮች ማዕከል ክስ ለመክፈት አብዛኛውን ጊዜ የተመዘገበ ውል ስለሚጠይቅ፣ እንደ እኛ ኢጃሪ ለሌለው ሰው የሚቀርለት ዋና መንገድ ለፖሊስ የማጭበርበር ወንጀል ማመልከት ነው። ለዚህም የባንክ ማስተላለፊያ ደረሰኙን፣ የተፈረመውን ወረቀትና የዋትስአፕ መልእክቶቹን ሳታጠፉ ያዙ። እኛ ከሦስቱ ቤተሰቦች ጋር በአንድነት አመልክተናል፤ መዝገባችን እስካሁን አልተዘጋም።