ለኦታኒ አድናቂ የተገዛ የቤዝቦል ጓንት

የቤዝቦል ወቅት ከመጀመሩ በፊት በቨርጂኒያ ከሚገኝ አንድ የስፖርት ዕቃ መደብር ለስምንት ዓመት ልጄ የገዛሁት የ11 ኢንች የቆዳ ጓንት ከዋጋው አንጻር የሚመሰገን ዕቃ ነው። ልጄ የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ቡድኑን ሾሄይ ኦታኒን ከማንም አስበልጦ ያደንቃል፤ ጃፓናዊው ተጫዋች እ.ኤ.አ. በ2024 የውድድር ዘመን 54 ሆም ራን (መቺው ሁሉንም ቤዝ ዞሮ ነጥብ የሚያስቆጥርበት ምት) መትቶና 59 ጊዜ ቤዝ ሰርቆ (የቡድኑ ሰው ኳሱን ሳይመታ ወደ ቀጣዩ የሜዳ ማረፊያ ሮጦ ደርሶ)፣ በአንድ ዘመን ሁለቱንም 50 ያደረሰ የመጀመሪያው ሰው በመሆኑ አልፈርድበትም።

ጀግናው በግራ ስለሚመታ ልጁም በቀኝ እጅ የሚጠለቀው የግራኝ ጓንት ካልተገዛልኝ ብሎ ነበር። ሻጩ ግን ጓንት የሚመረጠው በሚመታበት ሳይሆን ኳስ በሚወረውርበት እጅ መሆኑን፣ ኦታኒም በቀኝ ስለሚወረውር ጓንቱን የሚያጠልቀው በግራ እጁ መሆኑን በትዕግሥት አስረዳው። እንዲህ ያለ ሻጭ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከቅናሽ ይበልጣል።

ቆዳው አዲስ ሳለ ደረቅ ስለሆነ ትንሽ እጅ በቀላሉ አይዘጋውም፤ ጥቂት የቆዳ ዘይት ቀብቶ፣ ኳስ መሐሉ አስገብቶ፣ አስሮ ማሳደርና በየቀኑ ኳስ መቀባበል ያለሰልሰዋል። ለማፋጠን ብሎ በምድጃ ማሞቅ ቆዳውን ያበላሻል። ከልጄ በዕድሜ ለሚያንሱ ሕፃናት ከሰው ሠራሽ ቆዳ የተሠራው፣ ዕድሜው አጭር ቢሆንም፣ ለስላሳና ቀላል ስለሆነ ይሻላቸዋል። ቅር ያሰኘኝ የእጅ አንጓ ማሰሪያው ብቻ ነው፤ እስከ መጨረሻው ቢጠብቅም ለቀጭን እጅ ስለሚሰፋ፣ ልጁ ሲሮጥ ጓንቱ ይንሸራተትበታል።