ለላቦራቶሪው ወንድማችን፣ ከእማዬና ከእኔ

ይህን ጽሁፍ ካሰብኩት ቆየሁ። ትናንት እማዬ ውጤቷን ተቀብላ ስንወጣ "ዛሬ ካልጻፍሽለት መቼ ልትጽፊለት ነው?" አለችኝ። እነሆ ጻፍኩ።

የማመሰግነው ስድስት ኪሎ አካባቢ አንዲት ትንሽ ላቦራቶሪ ውስጥ የሚሠራ ባለሙያ ነው። ስሜን እንዳትጽፊ ስላለኝ አልጽፍም። አድራሻውን የፈለገ ግን በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ፣ ወዲያው እልክለታለሁ።

እማዬ ስኳር ከተገኘባት ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ዓይነት ሁለት የሚባለው ነው። ቀጠሮዋን አታሳልፍም። በምትከታተልበት ቦታ ሽንቷ በየጊዜው ይታያል፣ "ፕሮቲን የለም፣ ኩላሊትዎ ሰላም ነው" ትባላለች፣ እኛም ተመስገን ብለን እንመለሳለን። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ማሽን ተበላሽቷል፣ ውጭ አሠሩ ተባልን። እንደዚያ ነው ከልጁ ጋር የተገናኘነው።

ሽንቱን ተቀብሎ ገባ። ውጤቱን በመስኮት ሰጥቶ መሸኘት ሲችል ራሱ ወጣ። ጓንት ባጠለቀ እጁ ሽንት ውስጥ የምትነከረውን ቀጭን ስትሪፕ ይዟል። "እናቴ፣ ይቺ የፕሮቲኗ ናት። ፕሮቲን ሲበዛ ወደ አረንጓዴ ትለወጣለች። የእርስዎ ቢጫ እንደሆነች ነው። ግን ይቺ ትንሹን አታይም። አልቡሚን ለብቻው ተለክቶልዎት ያውቃል?"

አያውቅም። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ።

"ኩላሊት ወንፊት ማለት ነው" አላት። ስኳር በዓመታት ውስጥ ወንፊቱን ያላላዋል። መጀመሪያ የሚሾልከው አልቡሚን የሚባለው ፕሮቲን ነው፣ ያውም በጥቂቱ። ስትሪፗ የምትይዘው ሲበዛ ነው። ሽንት አረፋ እስኪያወጣ ከተጠበቀማ ቆይቷል ማለት ነው። የደሙ ክሬያቲኒን፣ ኩላሊት አጣርቶ በሽንት የሚያስወጣው ቆሻሻ ማለት ነው፣ እሱ እንኳ ኩላሊት ግማሽ ያህል አቅሙን እስኪያጣ ድረስ ደህና ሊመስል ይችላል። እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ ሽሮና በርበሬ ስትነፋ የኖረች ሴት ናት። ወንፊት ሲላላ ምን እንደሚያልፍ ለእሷ ማስረዳት አያስፈልግም።

ምርመራውን እዚያው ልሥራላችሁ አላለንም። "ሐኪምዎ ይዘዝልዎት" ብሎ በወረቀት ጻፈልን፦ የሽንት አልቡሚን ከክሬያቲኒን ጋር። ክሬያቲኒኑ ለምን አስፈለገ ብዬ ጠየቅኩት። ውሃ አብዝቶ የጠጣ ሰው ሽንቱ ይቀጥናል፣ ያልጠጣ ይወፍራል። ሁለቱ አብረው ሲለኩ ግን ይሄ ልዩነት ይስተካከላል። ስለዚህ የ24 ሰዓት ሽንት በጀሪካን ማጠራቀም የለም፣ አንዴ የተሰጠው ይበቃል።

ሐኪሟ ወረቀቱን አይታ ወዲያው አዘዘችላት። ይዘን የተመለስንበት ቀን 22 ነበር። ልጁ ከመቀበሉ በፊት ጠየቃት። ትኩሳት አለዎት? ሽንት ያቃጥልዎታል? ትናንት የደከሙበት ነገር አለ? እማዬ ፊቷ በርቶ "ትናንት ማርያም አልነበረች? ከሽሮ ሜዳ እንጦጦ በእግሬ ወጥቼ ወረድኩ" አለችው። "እንግዲያው ዛሬ አልወስድም" አለ። እንዲህ ያለ ድካም አልቡሚኑን ለጊዜው ከፍ ያደርገዋል። ከሁለት ቀን በኋላ የማለዳውን የመጀመሪያ ሽንት ይዘን እንድንመጣ ነገረን። ገንዘባችን እጃችን ላይ ነበር። ተቀብሎ መሥራት ይችል ነበር። ሰውየው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ የገባኝ እዚህ ላይ ነው።

ውጤቱ 112 ሆነ፣ ሚሊግራም በግራም። ከ30 በታች ደህና ነው። ከ30 እስከ 300 ጅማሬው ነው፣ ከዚያ በላይ ጠንቷል ማለት ነው። እማዬ ደነገጠች። "በአንድ ውጤት አይፈረድም እናቴ" አላት። ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ሦስቴ ታይቶ ሁለቱ ከፍ ካለ ነው የሚረጋገጠው። ደገምን፣ 98። ደገምን፣ 105። የደም ክሬያቲኒኗ በዚያው ሰሞን 0.8 ነበር። በእሱ ብቻ ብንሄድ ኖሮ ዛሬም "ሰላም ነው" እየተባልን ነበር።

የቀረው የሐኪሟ ሥራ ነው። ኢናላፕሪል የሚባል ኩላሊትንም የሚጠብቅ የግፊት መድኃኒት ጀመረችላት። ደረቅ ሳል ሲያስቸግራት በሎሳርታን ቀየረችላት፤ በየመሃሉ ፖታሲየሟንና ክሬያቲኒኗን አሳየች። ስኳሩና ግፊቱ ጠበቅ ተደረገ። ለጉልበቷ የምትውጠው ማስታገሻ፣ ዲክሎፍናክም ቆመ። እሱ እስካሁን ይቆጨኛል፤ ኩላሊት እንደሚጎዳ ሳላውቅ ከፋርማሲ እየገዛሁ የማመጣላት እኔ ነበርኩ።

መድኃኒት በጀመረች በስምንተኛ ወሯ፣ ትናንት፣ 41።

ሰፈራችን ውስጥ በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት የሚመላለሱ ጎረቤት አሉን። ስኳር ነው እዚያ ያደረሳቸው። እባካችሁ፣ እናት አባታችሁ ስኳር ካለባቸው በሚቀጥለው ቀጠሮ አልቡሚን ተለክቶላቸው እንደሆነ ጠይቁ። ዓይነት ሁለት ከሆነ በሽታው ከተገኘበት ቀን ጀምሮ በየዓመቱ ነው። ዓይነት አንድ ከሆነ ከአምስት ዓመት በኋላ ይጀመራል። ስድስት ኪሎ ቅርብ የሆናችሁ ደግሞ ወደዚህ ልጅ ሂዱ።

ትናንት እማዬ ድፎ ዳቦ ይዛለት ሄዳ ነበር። ቆርሶ ለሥራ ባልደረቦቹ አካፈለ። ከዚያ የክርስትና ስሙን ጠየቀችው። ለሚቀጥለው 21 እንዳትረሳው በመድኃኒት ካርዷ ጀርባ ላይ አጻፈችኝ።